ሦስት ልጆች ታዩኝ ያለው ደዋይ

ጌታ ይባረክ! እስቲ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አሜን በሉልኝ። ተባረኩ። ማይኩን ራቅ አድርጉልኝ፤ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ብየዳ ቤት ውስጥ ስጮህ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ድምፄ ብቻውን ይበቃል።

ስሜ ደምሰው ይባላል። የምንኖረው እዚሁ ሊደታ፣ ጌጃ ሰፈር ነው፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ደግሞ የብረት በርና መስኮት የምሠራባት ትንሽ ቤት አለችኝ። ባለቤቴን ወይንሸትን አብዛኞቻችሁ ከእኔ በፊት ታውቋታላችሁ። እሷ እዚህ ማምለክ ከጀመረች ዓመታት አልፈዋል፣ እኔ ገና አዲስ ነኝ። ጌታ ለእሷም ለእኔም ያደረገውን ልመስክር ብዬ ሽማግሌዎቹን ስጠይቅ «አጠር አድርገው» ብለውኛል። እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባም።

በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሰካራም ነበርኩ፣ ሚስቴን እደበድብ ነበር ብል ምስክርነቱ ይጣፍጥ ነበር፤ ግን አልነበርኩም። እኔ ሰው የማላምን ሰው ነበርኩ፣ በቃ። ቀብድ ሳልቀበል ብረት አልቆርጥም። ሰባኪ ሲሰብክ ከሰማሁ «ይሄ ደግሞ ምን ሊሸጥ ነው?» እላለሁ። እሁድ ጠዋት ወይንሸት መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ስትወጣ እኔ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ «ለእኔም አንድ ትንቢት ይዘሽልኝ ነይ» እላታለሁ። ብዙውን ጊዜ ዝም ብላኝ ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ ቆማ «ደምሰው፣ አንተ መጀመሪያ ከአልጋ ውረድ፣ ትንቢቱ ይደርስልሃል» አለችኝ። ሳቁ፣ ሳቁ። እሷም እየሳቀች ነው።

በስልክ የሚያጭበረብሩትን ደግሞ በደንብ ነበር የማውቃቸው። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የተላከልዎትን ቁጥር ይንገሩን» የሚሉትን ማለቴ ነው። ሥራ ቦታ እንዲህ ሲደወልልን ስፒከር ላይ አድርገን ነበር የምንስቅባቸው። እኔን በስልክ የሚያታልል ገና አልተወለደም ብዬ ነበር የማስበው። ወገኖቼ፣ ሌባ ሁሉ ስለ ሽልማት አይደለም የሚያወራው። አንዳንዱ «ሃሌ ሉያ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ወይንሸት ስኳር አለባት። ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ ራሷ ትወጋለች፤ ለዓመታት እንደዚሁ ነው የኖረችው፣ ምንም አልሆነችም። ባለፈው ክረምት ግን እግሯ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣና አልድን አላት። ሐኪም አየው፣ መድኃኒትም ተሰጣት፤ እሷ ግን ፈራች። አባቷ በዚሁ በሽታ እግራቸው ተቆርጧል። ቁስሉን ባየችው ቁጥር የምታየው የአባቷን እግር ነበር።

ከእኛ ጋር አጥር የምትጋራው እህት ጥሩነሽ «ለምን ትጨነቂያለሽ? ለጸሎት ግሩፑ አስይዝልሻለሁ» አለቻት። የቴሌግራሙን ግሩፕ ታውቁታላችሁ፤ ከኋላ ያላችሁት አሁንም እያያችሁት ነው። ከዚያ በኋላ ሰዎች መደወል ጀመሩ። አናውቃቸውም። አንዷ ከአዳማ፣ አንዱ ከሐዋሳ። «እህቴ፣ በጸሎት እያሰብንሽ ነው፣ አይዞሽ» ይሏትና ጸልየው ይዘጋሉ። ምንም አይጠይቁም። ጌታ ይባርካቸው! እኔ እንኳ «ለማያውቁት ሰው ካርዳቸውን እንዲህ የሚጨርሱት ምን ሆነው ነው?» እያልኩ ልቤ ትንሽ ተነክቶ ነበር። እንግዲህ ያ «ሃሌ ሉያ» ብሎ የሚጀምረው ሌባ የገባው በእነዚህ ደጋግ ሰዎች መሃል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ዝናብ ስለነበር ሥራ ትቼ ቤት ገብቻለሁ። ወይንሸት ሽንኩርት እየላጠች ስልኳ ጮኸ፤ እጇ ስለተያዘ ስፒከር ላይ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ስለዚህ ሁሉንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ሃሌ ሉያ፣ ሰላም ለዚህ ቤት ይሁን። ወይንሸት የምትባል እህት ናት?» አለ። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም።

«አዎ፣ ነኝ። ማን ልበል?»

«ስሜ አይጠቅምሽም። የእግዚአብሔር ባሪያ ነኝ። በጸሎት ላይ እያለሁ ስምሽ መጣልኝ። ሊደታ፣ ሊደታ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። እዚያ ነሽ?»

ወይንሸት ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እግርሽን እያየሁ ነው» አለ። «ቁስል አለ። ደምሽ ውስጥ ደግሞ ጣፋጭ የሚባል መራራ ነገር አለ። ከጎንሽ አንድ ወንድ ቆሟል። በእጁ እሳት ይዟል፣ ብልጭታው ይታየኛል። ይሄ ሰው ገና ወደ ቤቱ አልመጣም።»

እኔ ነኝ ያ ሰውዬ። በያጅ ነኝ፤ እሳት በእጄ ነው የምይዘው። አልደብቃችሁም፣ ፀጉሬ ቆመ።

ከዚያ «ሦስት ልጆች ይታዩኛል» አለ።

ወይንሸት «ሁለት...» ብላ ጀመረችና አቆመች። ሰውዬውም ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው። ወይንሸት ፊቷን በሽንኩርት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልተንፍስ።

እኛ ሁለት ልጆች ነው ያሉን፤ ሕይወትንና ታናሽ ወንድሟን ታውቋቸዋላችሁ። ከእነሱ በፊት ግን፣ ወልቂጤ እያለን፣ አንድ ወንድ ልጅ ተወልዶልን ነበር። አንድ ቀን ብቻ ነው የኖረው። ወስጄ የቀበርኩት እኔ ነኝ። ስመለስ ወይንሸት የት እንደቀበርኩት አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። ከዚያ አዲስ አበባ መጣን፣ ሌሎቹ ተወለዱ፣ ስለ እሱ አንድም ቀን አንስተን አናውቅም። ልጆቻችን ራሳቸው አያውቁም ነበር። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የሚያውቅ አልነበረም። ታዲያ ፊቱን አይተነው የማናውቅ ሰው ደውሎ ሦስት ናቸው ሲለን ምን እንበል?

ወይንሸት እያለቀሰች «አንዱ በአንድ ቀኑ ነው የሞተብኝ» አለችው። እሱም ፈጠን ብሎ «አውቃለሁ እህቴ፣ አይቼዋለሁ፣ በብርሃን ውስጥ ነው ያለው» አላት። አሁን ሳስበው፣ ልጁን የነገርነው እኛ ነን። እሱ ያደረገው ነገር ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው። ያን ቀን ግን እንዲህ አላሰብኩም። ያ ሁሉ የምፎክርበት ጥርጣሬዬ እዚያው ጠረጴዛው ሥር ገባ።

ከዚያ ትእዛዙ መጣ። «መርፌው የጥርጣሬ ምልክት ነው። ከነገ ጀምሮ አትውጊ። ተፈውሰሻል። ይህንን ደግሞ ለማንም አትንገሪ፣ ለፓስተርሽም ቢሆን። ከተናገርሽው ዘሩን ወፍ ይበላዋል።» ወይንሸት ስልኩን ዘግታ ቀና ብላ አየችኝ። ሁልጊዜ የምናገረው እኔ ነኝ፤ ያን ቀን አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። እሁድ ጠዋት መርፌዋን አልተወጋችም።

በየቀኑ ይደውል ጀመር። መጀመሪያ ላይ ቀለል አላት፤ ዘምራ ቤት ጠረገች። ከዚያ ውኃ ጥም ያዛት፣ ጠጥታ አትረካም። ማስመለስ ጀመረች። ስትነግረው «በሽታው እየወጣ ነው፣ ሲወጣ ይታገላል» አላት። ብር አልጠየቀም ወይ ትሉኛላችሁ። ጠይቋል፣ «የእምነት ዘር ላኪ» ብሏል፣ እሷም ልካለች። የብሩን ነገር ትቼዋለሁ፤ ዛሬ ልናገር የቆምኩት ስለ ብር አይደለም። ብርማ ሌላ በር ሠርቼ አገኘዋለሁ። ሌላ ወይንሸት ግን ከየት አመጣለሁ?

አንድ ቀን ልጄ ሕይወት ሥራ ቦታ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ እማዬ አተነፋፈሷ ልክ አይደለም። አፏ ደግሞ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል።» ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው የሮጥኩት። ስደርስ ዓይኗ ገብቷል፣ ትንፋሿ እንደ ሯጭ ይፈጥናል፣ ግን ከአልጋዋ አልተነሣችም። «ሐኪም ቤት አልሄድም፣ ከሄድኩ ፈውሴን ካድኩ ማለት ነው» አለችኝ። ተሸክሜያት ነው ታክሲ ውስጥ ያስገባኋት። እስክንደርስ ድረስ በደከመ ክንዷ ትገፋኝ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል አንዲት ወጣት ሐኪም አየቻት። ደሟ ተመረመረ። ሐኪሟ ወደ ውጭ ጠርታኝ «መርፌዋን አቁማለች አይደል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስኳሯ እጅግ ከፍ ብሎ ደሟ ውስጥ አሲድ ተጠራቅሟል። አሁኑኑ ፈሳሽና ኢንሱሊን መጀመር አለብን። ክንዷን እየነጠቀች መርፌውን እየነቀለች አስቸገረችን። እርስዎ ያናግሯት። ከዘገየን ራሷን ትስታለች፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ቃል ልገባልዎት አልችልም።»

ወደ እሷ ልገባ ስል የወይንሸት ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። እሱ ነው። አነሳሁት።

«ወንድሜ፣ የት ነው ያላችሁት?» አለ። ነገርኩት። ድምፁ ተለወጠ። «እንዳታስወጋት! መርፌው ከነካት ያ ብርሃን ይዘጋል። ሦስተኛው ልጅህ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። አንተ አንዱን ቀብረሃል፣ እሷንም ልትቀብር ነው? ስልኩን እንዳትዘጋ፣ እጸልያለሁ።»

ቅዱሳን፣ ከፊት ለፊቴ ሐኪሟ ቆማለች፣ ጆሮዬ ላይ ሰውዬው ይጮሃል፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሚስቴ ትንፋሽ ይሰማኛል። ሐኪሟ የምትለው እውነት እንደሆነ በዓይኔ እያየሁ ነው። ሰውዬው ደግሞ ማንም የማያውቀውን ያውቃል። ብትሞትብኝስ? ብትወጋ፣ እሱ እንዳለው ብትሞትስ? ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ።

በዚህ መሃል እህት ጥሩነሽና ጋሽ ኡርጌሳ እየሮጡ መጡ። ሕይወት ናት የጠራቻቸው፤ ጌታ ይባርካት! ጋሽ ኡርጌሳን ያኔ በዓይን ብቻ ነበር የማውቃቸው፣ የቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌ መሆናቸውን ግን ሰምቻለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «በቃ፣ አሁን ደግሞ እኚህ ሊጮሁብኝ ነው» ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ጋሽ ኡርጌሳ አልጮሁም። «ልጄ፣ በስልክ ያለው ማነው?» አሉኝ።

«ነቢይ ነው። አትወጋ ይላል። ጋሼ፣ ሰውዬው ያውቃል! ሦስተኛውን ልጃችንን አይቷል።»

ጥሩነሽ እያለቀሰች ነበር፤ ድንገት ቀና አለችና «የቱን ሦስተኛ?» አለችኝ። «ሦስተኛዋማ ትዕግሥት አይደለችም እንዴ?»

ትዕግሥት ማለት የወይንሸት እህት ልጅ ናት፤ ለትምህርት መጥታ እኛ ጋ ነው የምትኖረው። ወይንሸትን «እማዬ» ነው የምትላት። ጥሩነሽ ያኔ ሰፈሩ ውስጥ ከገባች ብዙም አልሆናትም፣ ልጃችን መስላታለች።

ጥሩነሽ ስልኳን አወጣችና ለጸሎት ግሩፑ የላከችውን የራሷን ድምፅ ከፈተች። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሰማነው። «ውድ ቅዱሳን፣ ሊደታ የምትኖረው እህታችን ወይንሸት በስኳር ሕመምና በእግር ቁስል እየተሠቃየች ነው። የሦስት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ በያጅ ነው፣ ጌታን ገና አላገኘም፣ ለእሱም ጸልዩለት። ደውላችሁ ልታጽናኗት የምትፈልጉ ስልኳ ይኸውላችሁ።»

ሊደታ። ስኳር። እግር። እሳት የያዘው ባል። ሦስት ልጆች። ነቢዩ ራእዩን ያየው ከጥሩነሽ ስልክ ነው!

እህት ጥሩነሽ፣ አንገትሽን አትድፊ። ቀና በይ። አንቺ በፍቅር ነው ያደረግሽው፤ የተሳሳትሽው የልጅ ቁጥር ባይኖር ኖሮ ደግሞ እኔ እስከ ዛሬ አልነቃም ነበር። ጌታ በስሕተታችን እንኳ ይሠራል። አሜን በሉ እንጂ፣ ተኛችሁ እንዴ?

ስልኩን ወደ ጆሮዬ መለስኩት። ሰውዬው ዘግቶታል። እንዳትዘጋ ያለኝ እሱ ነበር።

ገባሁና ለወይንሸት ነገርኳት። አልሰማችኝም። «አንተማ ድሮም አታምንም» አለችና ፊቷን አዞረች። እውነቷን ነው፤ ስንት ዓመት ስቀልድባት ኖሬ አሁን ምን ብላ ትመነኝ? ጋሽ ኡርጌሳ ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ወይንሸት፣ ልጄ፣ እኔን ታውቂኛለሽ?»

«አውቅዎታለሁ ጋሼ።»

«ቤትሽ መጥቻለሁ፣ ቤቴ መጥተሻል። ሳጠፋ አይተሽኛል፣ ስቆጣ አይተሽኛል። ይሄን ሰውዬ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ጥሩነሽ ያንን ድምፅ አሰማቻት። ወይንሸት እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ የተናገረችውን እስክሞት አልረሳውም። ስለ ብሩ አይደለም፣ ስለ መታለሏም አይደለም።

«ታዲያ ልጄን ያየው የለም ማለት ነው?» አለች።

ለካ ይሄ ነው። ለካ መርፌዋን የተወችው ለፈውሱ ብቻ አይደለም። ያንን ልጅ አንድ ሰው አየልኝ ብላ ነው። ወገኖቼ፣ እዚያ ቆሜ ልቤ ለሁለት ተሰነጠቀ። ይህችን ሴት ስንት ዓመት አብሬያት ተኝቼ፣ አብሬያት በልቼ፣ ይሄን አላወቅኩላትም።

ጋሽ ኡርጌሳ እጇን ያዙ። «አይቶታል» አሉ። «እግዚአብሔር አይቶታል፣ በስሙም ያውቀዋል። ያየውን ግን ለሌባ አይነግርም።»

ሌላ ስብከት አልጨመሩም። ከኮታቸው ኪስ መድኃኒት አወጡ፤ የደም ግፊት አለባቸው፣ የሚወስዱበት ሰዓት ደርሶ ነበር። እንክብሉን መዳፋቸው ላይ አድርገው «ጌታ ሆይ፣ ይህንን ስለሰጠኸኝ አመሰግንሃለሁ» አሉና እሷ ፊት ዋጡት። «እኔ እሁድ እሁድ እጄን እየጫንኩ ስጸልይልሽ የኖርኩት ይሄንን እየዋጥኩ ነው» አሏት።

ወይንሸት ክንዷን ለሐኪሟ ዘረጋች።

ሃሌ ሉያ! ክብር ለስሙ ይሁን! እስቲ እዚህ ላይ ለጌታ አጨብጭቡ።

ወይንሸት ሌሊቱን በሕይወት አሳለፈች። በማግስቱ ሐኪሟ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አናገኛትም ነበር» አለችኝ። ሆስፒታል ስንቆይ ጋሽ ኡርጌሳ በየቀኑ ከሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ተሰልፈው ሾርባ ይዘው ይመጡ ነበር። እኔ «መቼ ነው መስበክ የሚጀምሩት?» እያልኩ እጠብቃለሁ። አይሰብኩም። ሾርባውን ቀድተው፣ ጸልየው ይሄዳሉ። ጨነቀኝና ራሴ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው ምንም የማይሉኝ?» «አንተ ወሬ ጠግበሃል፣ ምግብ ነው ያልበላኸው» አሉኝና አንድ ዳቦ ሰጡኝ።

አንድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን «የልጁ ስም ማን ነበር?» አሉኝ።

«ስም አልነበረውም፣ ጋሼ። አንድ ቀን ነው የኖረው።»

«አንድ ቀን ለኖረ ስም አይወጣም ያለህ ማነው?»

በዚያች ጥያቄ ነው የተረታሁት። ሰው ተአምር አይቶ ያምናል፤ እኔ ጥያቄ ተጠይቄ አመንኩ። የቀበርኩበትን ቦታ፣ የነበረውን ዛፍ፣ አፈሩ እንዴት እንደነበር፣ ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። አለቀስኩ፤ ትልቅ ሰውዬ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የታማሚ ቤተሰብ ሁሉ እያየኝ። ማንም ያላየልኝን ልጄን ያየ አምላክ ካለ እኔንም ያየኛል ብዬ ነው «ለእኔም ይጸልዩልኝ» ያልኳቸው። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጌታን ተቀበልኩ። ወይንሸት ስነግራት መጀመሪያ አላመነችኝም። «ከአልጋ ወረድክ?» ነው ያለችኝ።

ስኳሩ ጠፋላት ወይ ትሉኛላችሁ። አልጠፋም። ዛሬም ጠዋት ተወግታ ነው የመጣችው። የእግሯ ቁስል ግን በሐኪም ክትትል ድኗል፤ ቆማ ታመልካለች፣ ስታዜም ደግሞ ከእኔ በላይ ትጮሃለች። እኔ ይሄንን ፈውስ ነው የምለው። ጌታ ሊፈውስ ሲፈልግ በሐኪምም ይሠራል፣ ያለ ሐኪምም ይሠራል፤ መድኃኒትሽን ደብቂ፣ ሽማግሌዎችሽን ሽሺ ብሎ ግን አይደውልም። ፖሊስ ጋ አመልክተናል። ሰውዬው አልተገኘም። እስካሁን ለሌላ ሰው እየደወለ ይሆናል፤ ይሄን እያሰብኩ ነው የምናገረው።

በቅርቡ ለእኔም አንዱ ደወለልኝ። «ስምህ በጸሎት መጣልኝ» አለ። እኔም «ጌታ ይባርክህ ወንድሜ፣ ቃሉን እሁድ ጠዋት መጥተህ ሽማግሌዎቻችን ፊት ንገረኝ፣ መግቢያው ሰፊ ነው» አልኩት። ዘጋው። የእውነት ሰው ቢሆን ኖሮ መቼ ልምጣ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ፣ የተወደዳችሁ፣ ለጸሎት ስታስይዙ ጸሎቱን አስይዙ፤ ስልክ ቁጥርን፣ ሰፈርን፣ የልጅ ቁጥርን እግዚአብሔር ያውቀዋል፣ ግሩፑ ማወቅ የለበትም። የማታውቁት ሰው ደውሎ የልባችሁን ቢነግራችሁ ዝጉትና አጠገባችሁ ያለውን ሰው አማክሩ። «ለማንም አትንገሪ» ቢላችሁ ደግሞ ያን ጊዜውኑ ለሁሉም ንገሩ። ቦርሳችሁ ውስጥ መርፌ ያላችሁ፣ ኪሳችሁ ውስጥ እንክብል ያላችሁ፣ እዚህ ቤት አትፈሩ። ገና ጌታን ያላወቃችሁም፣ ሚስታችሁን ልታደርሱ መጥታችሁ በር ላይ የቆማችሁ፣ ግቡ። የምንጮህባችሁ የለም። ደህና፣ እኔ ትንሽ እጮሃለሁ። ግን ጌታ ያያችኋል፣ ያልተናገራችሁትንም ያውቃል፣ በእሱ ብትታመኑ አያሳፍራችሁም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጋሽ ኡርጌሳ፣ ጨርሻለሁ፣ አይቆጡኝ። ወይንሸት፣ እስቲ ተነሺ። ተባረኪ።

ይህንን ከእሷ ጋር ተነጋግረን ነው የምናገረው። ባለፈው ሳምንት ልጆቻችንን ሰብስበን ነገርናቸው፣ ስምም አወጣንለት። እኔና ወይንሸት ሦስት ልጆች አሉን። ሁለቱ እዚህ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው ሳሙኤል ይባላል፣ ጌታ ጋ ነው። የነገርኳችሁ እኔ አባቱ ነኝ፤ ከእንግዲህ ማንም ደውሎ ታየኝ ቢላችሁ እንዳትደነግጡ።